«እንግዲህ ሃምሳ ይሆነኛል»

ቆጣሪ ደጅ ቆሞ ዕድሜ ሲጠይቅ ብዙ አባቶች አሰብ አድርገው «እንግዲህ ሃምሳ ይሆነኛል» ይላሉ። «አርባ ዘጠኝ» የሚል እምብዛም አይገኝም። የሕዝብ ቆጠራችንን የዕድሜ ሰንጠረዥ ያየ ሰው በ30፣ በ40፣ በ50 ላይ ሰዉ ተከምሮ፣ 29ና 31፣ 49ና 51 ሳስተው ያገኛቸዋል። ባለሙያዎች ክምሩን የሚለኩበት የዊፕል መለኪያ የሚባል አላቸው፤ ምንም ማጠጋጋት ከሌለ 100፣ ሰው ሁሉ በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ ከተናገረ 500 ይሆናል።

እኔን የሚያስደንቀኝ፣ ይህ ልማድ አማካይን፣ ሚዲያንንና ሞድን እኩል አለመጉዳቱ ነው። አማካይ ሁሉን ደምሮ ለሰዉ ብዛት ስለሚያካፍል ብዙም አይናወጥም፤ አንዱ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል ሲያጠጋጋ ይቻቻላሉ። ሚዲያን፣ ሰዉ በዕድሜ ቢሰለፍ መሃል ላይ የሚቆመው፣ ክምር አጠገብ ከደረሰ ወደ ክምሩ ይሳባል። ሞድ ግን፣ ከሁሉ የተደጋገመው ቁጥር፣ ጨርሶ ይማረካል፤ የሚነግረን የሰዉን ዕድሜ ሳይሆን የአነጋገር ልማዱን ነው።

ስለዚህ ብልህ ቆጣሪ ዙሪያውን ይጠይቃል። ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር? አብዮቱ ሲፈነዳ ትዳር ይዘው ነበር? በ77ቱ ድርቅ የመጀመሪያ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነበር? ይህን አጠያየቅ እወደዋለሁ፤ ሰዉ ሕይወቱን የሚያስታውስበትን መንገድ ያከብራል።

የዓመተ ምሕረት ቁጥርና ዕድሜም አንድ ዓይነት መረጃ አይደሉም። አሜሪካዊው ስቲቨንስ በ1946 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መለኪያዎችን በአራት ሲከፍል ያሳየው ይህንኑ ነው። ተጫዋች ጀርባ ላይ ያለ 10 ቁጥር መለያ ብቻ ነው፤ ማንም አማካይ አያወጣለትም። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚባል ተማሪ ደረጃውን ይናገራል እንጂ አንደኛው በስንት ነጥብ እንደበለጠው አይናገርም። አብዮቱ ለእኛ 1966፣ ለፈረንጆቹ 1974 ነው፤ መነሻው ስለሚለያይ አንዱን ዓመት የሌላው እጥፍ ማለት ትርጉም የለውም። ከ1966 እስከ 1977 ግን 11 ዓመት ነው፤ ከ1974 እስከ 1985ም ያው 11። ዕድሜ ደግሞ እውነተኛ ዜሮ አለው፣ ልደት። አርባ ዓመት የሞላው በእውነት የሃያ ዓመቱን እጥፍ ኖሯል።

በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ ተጀምሯል፤ የተመዘገቡት ልጆች ሲያድጉ «ይሆነኛል» አይሉም። እስከዚያ ግን ከዕድሜው ቁጥር ጎን፣ በምስክር ወረቀት ነው ወይስ በግምት የሚል ሣጥን ቢኖር እወዳለሁ።