በምርቃት የሚከፈል ሥራ

ከ2002 ጀምሮ በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባለው የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የአረጋውያንን የዜግነት ማመልከቻ በነጻ እሞላለሁ። «ምን ታገኝበታለህ?» የሚሉኝ አሉ።

ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ የእኛ ሰው ያለው የአባት ስም ነው። የልደት ቀን ስጠይቅ አንዲት እናት፣ «ጃንሆይ ከስደት በተመለሱ በሁለት ዓመቱ፣ የኅዳር ጽዮን ማግስት» አሉኝ። አሰላሁት፤ ኅዳር 22 ቀን 1935፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 ቀን 1942። የስደት ወረቀታቸው ግን ጃንዋሪ 1 ይላል። ለማረም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እሳቸው በተወለዱበት ገጠር ደግሞ የልደት ምዝገባ አልነበረም። ቅጹ ላይ የሰነዱን ቀን ሞላሁ፤ እውነተኛውን በሌላ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ ሰው ፈተናውን በአስተርጓሚ በአማርኛ መውሰድ ይችላል። ይህን ሳያውቁ እንግሊዝኛውን ፈርተው ዓመታት የቆዩ አጋጥመውኛል። ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል።

እዚህ አገር ላደግኩት ለእኔ፣ የአገሬን ታሪክ በበዓላቱና በነገሥታቱ ስሌት ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ሲነሱም ቆመው ይመርቁኛል፤ እኔም ጎንበስ ብዬ «አሜን» እላለሁ።