ቀለም የሚተኮስበት ጫካ

ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ የዛፎቹ ግንድ ሮዝና ቢጫ ቀለም የተረጨበት ጫካ አለ። የፔይንትቦል ሜዳ ነው። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1981 ሄኒከር በምትባል የኒው ሃምፕሻየር ከተማ ነው። መሣሪያው ቀድሞ ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ማድረጊያ ነበር፤ ስሙም እስካሁን «ማርከር» ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ያሸነፈው አንድም ጊዜ ያልተኮሰ የደን ባለሙያ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ሜዳው በር ላይ ካለችው ሱቅ የልጅ ልጄ ውስጡ እንደ ጠመንጃ ጥምዝ ቦይ ያለው አፈሙዝ አየ። «እማማ፣ ይሄ ዒላማ አይስትም!»

ኳሷን በጣቴ ጨመቅ አደረግኋት። ስንት ዘመን ለሕመምተኛ የሰጠሁት የዓሣ ዘይት እንክብል ናት እንጂ ሌላ አይደለችም፦ ከላይ ቀጭን የጄላቲን ሽፋን፣ ከውስጥ ፈሳሽ። ጥሬ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ አሽከርክራችሁ ታውቃላችሁ? የተቀቀለው ይሾራል፣ ጥሬው ይንገዳገዳል፤ ፈሳሹ ከቅርፊቱ እኩል አይዞርምና። ደግሞ መሾር የሚረዳው ሾጣጣ ጥይት በአየር ላይ እንዳይገለባበጥ ነው። ድቡልቡል ነገር ቢገለባበጥስ ምን ይሆናል? ይልቅ ኳሷ ከአፈሙዙ ስፋት ጋር ስትገጥምና ፍጥነቷ ከተኩስ ተኩስ ሳይለዋወጥ ሲቀር ነው የሚሻለው።

የብዙ ሜዳዎች የፍጥነት ገደብ በሰከንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 90 ሜትር ግድም ነው። በዚህ ፍጥነት የመጣች ኳስ ዓይን ብታገኝ ብርሃን ታጠፋለች። ልጆች ደግሞ መስተዋቱ በላብ ሲደበዝዝባቸው ጭምብላቸውን ገለጥ ያደርጋሉ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ስለዚህ የአፈሙዙን ብር ድርብ መስተዋት ላለው ጭምብል አደረግነው። አኩርፎ ነበር፤ እስኪጫወት ድረስ።