ገጠር ለእረፍት ስንሄድ



በአሜሪካ ዋዮሚንግና ሞንታና ቤተሰቦች ከብት አርቢ ዘንድ ፈረስ እየጋለቡ ለማረፍ ብዙ ዶላር ይከፍላሉ። እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ግን ገጠር አጎትና አክስት አሉን። ልጆቻችን ወተት ከሱቅ ሳይሆን ከላም እንደሚገኝ እዚያ ያያሉ፤ ዝምድናም ይቀጠላል።

ነገር ግን እናስተውል። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት በብዙ ቦታ ገበሬው አረም ላይ የሚውልበት፣ ጎተራውም የሚሳሳበት ወቅት ነው። አምስት ሆነን ሳምንት ስንቀመጥ ለልጆቻቸው ያሰቡትን ያበሉናል። አሜሪካዊው ከፍሎ ይበላል፤ እኛ "ዘመድ ነን" ብለን እንበላለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ እንግዳም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር መቆየት እንደሌለበት አስተምረውናል።

ስለዚህ ስኳር፣ ዘይትና ቡና ይዘን እንሂድ። ልጆቻችንም ውሃ ይቅዱ፣ ከብት ይጠብቁ። ሸክም ካልሆንን፣ ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ እረፍት የለም።