ገበያ ቀን አለው፤ ቤተ መዘክርም ቀን አለው

ገበያ ቀን አለው። የቅዳሜን ገበያ ሐሙስ የሄደበት ሰው ባዶ ሜዳ አይቶ ይመለሳል። በገበያው ቀንም ቢሆን ሰዓት አለው። ማልዶ የደረሰ እህሉን መርጦ፣ ዋጋውን ጠይቆ ይገዛል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የደረሰ ግን ሲጋፋ ይውላል። ይህን ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልገንም። እኛ ግን የምናውቀውን ነገር ረስተን፣ ፓሪስ ከተማ ውስጥ ሁለት ቀን በከንቱ አጠፋን። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ሉቭር ምንድን ነው?

ፓሪስ የፈረንሳይ ዋና ከተማ ናት። በመካከሏ ሴን የሚባል ወንዝ ያልፋል። በወንዙ ዳር ሉቭር የተባለ ትልቅ ቤተ መዘክር አለ። ቤተ መዘክር ማለት የጥንት ዕቃዎች፣ ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾች ተጠብቀው ሕዝብ የሚያያቸው ቤት ነው።

ሉቭር ከ800 ዓመት በፊት የጦር ምሽግ ነበር። ኋላ የነገሥታት ቤተ መንግሥት ሆነ። ያን ጊዜ የንጉሡን ሥዕሎች ገበሬውና ወዛደሩ እንደ ልቡ አያያቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1789 በፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ነሐሴ 10 ቀን 1793 እ.ኤ.አ. ቤቱ ቤተ መዘክር ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ።

ዛሬ በሉቭር ከ35,000 በላይ ሥራዎች ለዕይታ ቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 8.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ጎብኝቶታል። መጨናነቁ እንዲቀንስ በቀን ከ30,000 የማይበልጥ ሰው እንዲገባ ተወስኗል። ቢሆንም ሰው ይበዛል። ሰኔ 16 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የቤቱ ሠራተኞች የሰው ብዛትና የሠራተኛ ማነስ አስመረረን ብለው ሥራ አቆሙ። በሩ ለሰዓታት ሳይከፈት፣ ጎብኚው ደጅ ተሰልፎ ቆየ።

ሁለቱ የከሰርንባቸው ቀናት

ወሩ ሐምሌ ነበር። በእኛ አገር ክረምት ሲሆን በእነርሱ አገር በጋ ነው። ከእኛ ጋር አንዲት እናት ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት መጥተው ነበር። ቅዳሜ በአውሮፕላን ይመለሳሉ። እማማ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሉቭር ውስጥ የቃና ዘገሊላ ሠርግ ሥዕል እንዳለ ሰምተው፣ «እሱን ሳላይ አልሄድም» አሉ።

ማክሰኞ ሄድን። በሩ ዝግ ነው። ሉቭር ማክሰኞ ማክሰኞ አይከፈትም። ይህ በግልጽ ተጽፎ ተለጥፏል። ቀድመን ማንበብ ሲገባን ያላነበብነው እኛ ነን። እማማ ሳቁና፣ «እኔ ማንበብ ተማሩ ብዬ ነው የተከተልኋችሁ» አሉን። አፈርን።

ሐሙስ ተመለስን። ቲኬት የገዛነው ለእኩለ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ለ6 ሰዓት ነበር። በበጋ፣ ያውም በእኩለ ቀን! በደረስንበት ሁሉ ሰው ነው። ሁሉም የሚሮጠው ወደ አንዲት ሥዕል ነው። እሷም ሞናሊዛ ናት። የሣላት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተባለ የኢጣሊያ ሰው ነው። ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህችን ትንሽ ሥዕል በየቀኑ 20,000 ያህል ሰው ለማየት ይጋፋል።

እኛም ተጋፋን። ያየነው የሰው ማጅራትና ወደ ላይ የተዘረጋ የእጅ ስልክ ነው። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቆመው መቆየት አልቻሉም። ፊታቸው ላብ በላብ ሆነ። «በቃ ልጆቼ፣ አውጡኝ» አሉ። የቃናው ሥዕል እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከሞናሊዛ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ነገር ግን ሳናየው ወጣን።

ሦስተኛው ቀን

ዓርብ ብቻ ቀረን። አሁንስ አንብበን እንሂድ አልን። ሉቭር በሌሎቹ ቀናት የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 12 ሰዓት ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን እስከ ማታው 3 ሰዓት ክፍት ነው። በቡድን የሚመጣው አገር ጎብኚ ወደ ማታ ለእራት ይሄዳል። ልጅ የያዘውም ወደ ማደሪያው ይመለሳል። ቤቱ ያኔ ይተነፍሳል።

ዓርብ በ12 ሰዓት ገባን። በመጀመሪያ ወደ ሞናሊዛ አልሄድንም። ሰው ወደማይበዛበት ወደ ሌላው የሕንጻ ክንፍ ሄድን። እዚያ አንድ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ነው። የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከ3,700 ዓመት በፊት ሕጉን ያስቀረጸበት ድንጋይ ነው። በፊቱ ከጥቂት ሰዎች በቀር ማንም አልነበረም።

ትርጉሙን ለእማማ ነገርናቸው። ሕጉ ስለ ገበሬም ይናገራል። አንድ ሰው የመስኖ እርከኑን ሳያጠብቅ ቀርቶ ውሃ የጎረቤቱን ማሳ ቢያጠፋ፣ የጠፋውን እህል ይተካል። በሬ ተከራይቶ ዓይኑን ያጠፋ ሰው የበሬውን ግማሽ ዋጋ ይከፍላል። እማማ ድንጋዩን ዞረው ዞረው አዩት። «እኛ በሽማግሌ የምንጨርሰው ነገር ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግን ሽማግሌ ይሞታል። የተጻፈ ይቆያል» አሉ።

ወደ ሞናሊዛ ክፍል የደረስነው ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሰው አልጠፋም። ነገር ግን መተንፈሻ ነበረ። ሞናሊዛን አየናትና ፊታችንን አዞርን። የቃና ዘገሊላ ሠርግ ሥዕል ግድግዳውን ሞልቶታል። ቁመቱ 6 ሜትር ከ77፣ ወርዱ 9 ሜትር ከ94 ሴንቲ ሜትር ነው። ቬሮኔዜ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1563 ለአንድ የቬኒስ ገዳም ሠርቶ ጨረሰው። እ.ኤ.አ. በ1797 የናፖሊዮን ጦር ከገዳሙ አንሥቶ ወሰደው። ወደ ቬኒስም አልተመለሰም።

ለእማማ ወንበር ባይገኝም የሚደገፉት ትከሻ ነበራቸው። ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጌታ በመካከል፣ እመቤታችን በጎኑ አሉ። ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። ውሾችም አሉ። በቀኝ በኩል አንድ አሳላፊ ከትልቅ ጋን ወደ ማንቆርቆሪያ ይቀዳል። እማማ እጃቸውን ቀሰሩ። «ተመልከቱ» አሉን። «ውሃው ወይን ሆኖ እየተቀዳ ነው። ሠርገኛው ግን አብዛኛው ልብ አላለውም።»

ዘወር ብለን ክፍሉን አየን። ብዙው ሰው ጀርባውን ለቃና ሰጥቶ ሞናሊዛን በስልኩ ያነሣል። እማማም አዩአቸው፤ ምንም አላሉም። ከመዘጋቱ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጠባቂዎቹ ሰውን ማስወጣት ጀመሩ። ስንወጣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። በማግሥቱ እማማ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ለሚሄድ ሰው የምንለው

ከዘመድ ወዳጃችሁ ወደዚያ የሚሄድ ካለ ይህን ንገሩት።

1. ማክሰኞ አይሂድ። ጥር 1፣ ሜይ 1 እና ታኅሣሥ 25 እ.ኤ.አ. ቤቱ ዝግ ነው።
2. ረቡዕ ወይም ዓርብ ማታ ይምረጥ። ካልሆነለት በሩ ሲከፈት፣ በጠዋቱ 3 ሰዓት ይድረስ።
3. ቅዳሜና እሑድ ይበዛል። ሰኞም ይበዛል፤ ኦርሴ የተባለው ሌላው ትልቅ ቤተ መዘክር ሰኞ ስለሚዘጋ ነው።
4. ከበጋቸው ይልቅ ብርዳቸው ይሻላል። ከገና በዓላቸው ሰሞን በቀር ከኅዳር እስከ የካቲት ሰው ይቀንሳል።
5. ሰዓቱ የተወሰነ ቲኬት ቀድሞ ይግዛ።
6. ሁሉን ልይ አይበል። ሦስት ወይም አራት ነገር መርጦ በደንብ ይይ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለሞናሊዛ የራሷ ክፍል፣ ለቤቱም አዲስ መግቢያ እንደሚሠራ አስታውቀዋል። እስኪሠራ ድረስ ግን መፍትሔው በጎብኚው እጅ ነው። እርሱም ጊዜን መምረጥ ነው። ጊዜን ለመምረጥ ደግሞ በሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በመጀመሪያው ቀን ያጠፋነው ጥፋት ምን ነበር?
2. እማማ «የተጻፈ ይቆያል» ያሉት ለምንድን ነው? በአካባቢያችሁ ተጽፎ መቆየት ያለበት ምን ነገር አለ?
3. ሰው የተሰበሰበበትን ብቻ በማየት ያለፋችሁት ነገር አለ? ለጓደኞቻችሁ ተናገሩ።