የደብረ ብርሃን ብርድና ዝም ያለው ጋን

ባለፈው ታኅሣሥ ለእናቴ ሙት ዓመት ጠላ ልጠምቅ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጠላውን ገዝቶ መገላገል ይቻል ነበር፤ እናቴ ግን የተገዛ ጠላ ለእንግዳ አቅርባ አታውቅም። የአሥር ዓመት ልጄንም የአያቷን ጓዳ እንድታይ ይዣት ሄድኩ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በታኅሣሥ ንጋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ይሆናል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋም ይገባታል።

ጋኑን በግራዋ አጥቤ በወይራ አጠንኩት። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውኃ ዘፈዘፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ የብቅል ዱቄት ጨምሬ፣ የገብስ ቂጣ ቆራርሼ ከተትኩበትና አፉን ሸፈንኩት። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው አረፋ የለም፤ የሚሸተውም ጌሾ ብቻ ነው። ሙት ዓመቱ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ደፍቼ እንደገና ልጀምር ስነሳ ልጄ ሮጣ አክስቴን ጠራቻቸው።

አክስቴ ሰማንያን ተሻግረዋል። ጆሯቸውን ጋኑ ላይ አስጠግተው ትንሽ ቆዩና ይጠይቁኝ ጀመር።

“ቂጣውን በትኩሱ ነው የጨመርሽው?”

“ኧረ አቀዝቅዤ ነው።”

“ብቅሉስ የመቼ ነው?”

“የዚህ ወር ነው።”

“ጋኑን በረኪና አስነክተሽዋል?”

“አላስነካሁም።”

ጎንበስ ብለው ወለሉን በእጃቸው ዳሰሱ። “ሲሚንቶ! በዚህ ብርድ እዚህ ላይ ምን ይፈላል? ተኝቶ እኮ ነው፤ ለምን ትደፊዋለሽ?”

እውነታቸውን ነው። ጠላ የሚያፈላው እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ትኩስ ቂጣ ወይም በረኪና ይገድለዋል፤ ብርድ ግን ያስተኛዋል።

ጋኑን ተጋግዘን ከሲሚንቶው አነሳንና ጭድ በሞላ ማዳበሪያ ላይ፣ ከምድጃው ትንሽ ራቅ አድርገን አስቀመጥነው። እሳት ዳር እንዳናስጠጋው አክስቴ አስጠነቀቁን። ከዚያ እፍኝ የብቅል ዱቄት በለብታ ውኃ በጥብጠው ጨመሩበት። የውኃውን ለብታ ያዩት እንደ ሕፃን ወተት ልጄ ክንድ ላይ ጠብ አድርገው ነው። በመጨረሻ የእናቴን ብርድ ልብስ አለበሱት።

በማግስቱ ሌሊቱ ሳይነጋ ልጄ ቀሰቀሰችኝ። “እማዬ፣ ጋኑ ያወራል!” ጆሮዬን ሳስጠጋ ከውስጥ ችስ ችስ ይላል። አረፋውም ወጥቷል። አሻሮውንና የጌሾ እንጨቱን ከዚያ በኋላ ጨመርን።

ለሙት ዓመቱ ደረሰልን። ጠላው ትንሽ ለጋ ነበር፤ ጎረቤቶች ግን ደግመው አስቀዱ።

የአክስቴን ጥያቄዎች ልጄ ደብተሯ ላይ ጽፋቸዋለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገና መማሬ ነው። እናንተም እንዲህ ጠይቀው የሚያስተምሩ እናት ወይም አክስት ካሏችሁ፣ ጊዜው ሳያልፍ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።