ቢላችንን ከዐረፋ በፊት እንመርምር



ውድ አንባቢያን፤ ስለ ቢላ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ለእኛም እንደዚያው ይመስለን ነበር። ከአንድ የዐረፋ ጧት በኋላ ግን አስተያየታችን ተለወጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዒድ አል-አድሐ ዋዜማ ከሥራ ስንመለስ ላፍቶ መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግቶ ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ዘንድ ቆም አልን። ማንኪያ፣ ጭልፋ፣ መቀስና ቢላ ደርድሯል። ቢላዎቹ ያብረቀርቃሉ። ገላቸው ላይ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ ጌጥ ተሥሎባቸዋል። ዋጋቸውም ሱቅ ከምናውቀው በግማሽ ያነሰ ነው። ሻጩ፣ "አይዝግም፣ አይደነዝም፣ የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው" አለን። እኛም ስለቱን እንኳ በወጉ ሳናይ አንዱን ገዝተን ወደ ቤታችን ገባን።

በማግስቱ ከዒድ ሶላት መልስ ግቢያችን በሰው ሞላ። ቁርኣን የምናስቀራቸው የሰፈር ልጆችም ዙሪያውን ቆመዋል። በጉን ወደ ቂብላ አዙረን አስተኛን፤ "ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር" ብለን ቢላውን ሳብነው። ፀጉሩ ተላጨ እንጂ ቆዳው አልተቆረጠም! ደግመን ስንስበው ቆዳውን ፋቅ አድርጎት አለፈ። በጉ በኃይል ተወራጨ። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ሐጂ፣ "ተው ኡስታዝ! ልቀቀው፤ ይነሣ" ብለው ጮኹ። ለቀቅነው።

ሐጂ ለብዙ ዓመታት በሥጋ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ወደ ቤታቸው ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ ካራ ይዘው መጡ። በጋቢያቸው ሸሽገው በጉ እስኪረጋጋ ጠበቁ። ከዚያም ቢስሚላህ ብለው በአንድ ስበት ሥራውን ጨረሱት።

ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ከተማሪዎቻችን አንዷ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ጠጋ ብላ፣ "ኡስታዝ፣ ቢላውን ትናንት ለምን አልሳሉትም?" ስትል ጠየቀችን። የምንመልሰው አጣን። ሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና በሶሒሕ ሙስሊም የሰፈረውን ሐዲስ ከወር በፊት ያስሐፈዝናት እኛው ነበርን። የሐዲሱም መልእክት አላህ (ሱ.ወ) በነገር ሁሉ ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ የሚያርድም ሰው ስለቱን አስልቶ እንስሳውን ከሥቃይ እንዲያሳርፍ ነው። ልጆቹ በቃል አጠኑት። እኛ ደግሞ በፊታቸው በተግባር ጣስነው።

ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሌላ ሐዲስም፣ አንድ ሰው በጉን አስተኝቶ እግሩን ከጫነበት በኋላ ቢላውን ሲስል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዩት፤ ሁለት ጊዜ ሊገድለው እንደፈለገ ጠይቀው፣ ሳያስተኛው በፊት ሊስለው ይገባ እንደነበር ገሠጹት። ዱልዱም ይዞ የቀረበስ ስንት ጊዜ ነው የሚገድለው?

እርግጥ ዲናችን ውድ ቢላ ግዙ አላለንም። ራፊዕ ኢብን ኸዲጅ (ረ.ዐ) በአንድ ዘመቻ ላይ ሳሉ ቢላ እንደሌላቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረዋቸው ነበር። እርሳቸውም ደም የሚያፈስ ነገር ሁሉ የአላህ ስም እስከተወሳበት ድረስ እንደሚበቃ ገለጹላቸው፤ ጥርስንና ጥፍርን ግን ከለከሉ። ጥርስ አጥንት መሆኑን፣ ጥፍር ደግሞ የሐበሾች ቢላ መሆኑን በምክንያትነት ጠቀሱ። የአገራችን ሰዎች ስም በቢላ ጉዳይ በሐዲስ መነሣቱን ስናስተምር ልጆቹ ዘወትር ይገረማሉ። እንግዲህ የሚጠየቀው ስለቱ እንጂ የዋጋው ትልቅነት አይደለም። ታዲያ ርካሹን ቢላ በምን እንለየው?

ስለ ብረቱ ጥቂት

ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው። ስለት የሚይዘው መጠነኛ ካርቦን ሲኖርበትና በእሳት ግሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በመጠኑ ሲሞቅ ነው። ዝገትን የሚከላከለው ደግሞ ክሮሚየም የተባለው ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሃሪ ብሪርሊ የተባለ ባለሙያ በእንግሊዟ ሸፊልድ ከተማ እንዲህ ያለውን ብረት ሠርቶ ለቢላ እንዲውል ካደረገ ወዲህ "ስቴይንለስ" የሚለው ስም በዓለም ተሰራጨ። አንድ ብረት በዚህ ስም እንዲጠራ ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም ያስፈልገዋል።

በየመንገዱ ዳር የምናገኛቸው የቻይና ቢላዎች ብዙውን ጊዜ ከመቶ 13 እጅ ያህል ክሮሚየምና ከመቶ 0.3 እጅ ያህል ካርቦን ካለው ብረት የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ብረት ቶሎ አይዝግም፤ በቀላሉም ይሳላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደነዛል። የሐጂ ካራ ግን መርካቶ ምን አለሽ ተራ አካባቢ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ከመቶ 0.6 እጅ ያህል ይደርሳል፤ ክሮሚየሙ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ እርጥብ ሆኖ ካደረ ይዝጋል፤ በሚገባ ከተሠራ ግን ስለቱን ይዞ ይቆያል። ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው።

የአገሩ ስም ብቻውንም አያስተማምንም። በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት የምትገኘው ያንግጂያንግ ከተማ በቢላና በመቀስ ሥራ የታወቀች ናት፤ ከእርሷ ምርጡም ተራውም ይወጣል። ጀርመኖች የዞሊንገን ከተማን የቢላ ስም እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ እስከ መጠበቅ የደረሱት ሌሎች በስሟ ስለሚነግዱ ነው። ማኅተም መምታት ከቢላ መሥራት ይቀላልና!

ስለትን መርምሮ መለየት ለሙስሊሞች አዲስ ዕውቀት አይደለም። ታላቁ ሊቅ አል-ኪንዲ ከ1100 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ለኸሊፋው አል-ሙዕተሲም ስለ ሰይፍ ዓይነቶች አንድ ድርሳን ጽፎ ነበር። በዚያ ድርሳን ሰይፎችን በብረታቸው ጠባይና በተሠሩበት አገር ከፋፍሎ ያስረዳል። ምርጡን ሰይፍ "ዐቲቅ" ይለዋል፤ ቃሉ የጥንት ማለት ቢሆንም እርሱ የፈለገው የዕድሜውን ርዝመት ሳይሆን የጥራቱን ክብር መሆኑን ያብራራል። የሐጂን አሮጌ ካራ ባየን ቁጥር ይህ ትዝ ይለናል።

ስንገዛ

ከዚያ ዐረፋ በኋላ ሐጂን ተከትለን ከጎፋ እስከ ጀሞ ባሉ ሱቆች ቢላ ስናገላብጥ ከረምን። የተማርነው ይህ ነው።

በመጀመሪያ፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርገን በብርሃን ፊት እንያዘው። የሰላ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም። በጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ወይም ነጠብጣብ ካበራ በዚያ ቦታ ደንዟል ወይም ተጣጥፏል። ከእጀታው ወደ ጫፉ በአንድ ዓይናችን ስናይም ጀርባው ቀጥ ማለት አለበት።

ሁለተኛ፣ ጫፉን እንጨት ላይ አስደግፈን በቀስታ እንግፋው። ጎብጦ የሚቀር ከሆነ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ እንተወው።

ሦስተኛ፣ እጀታውን እናጥብቀው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የገባና በምስማር የተያዘ ቢላ ለከባድ ሥራ ይመረጣል። በብረቱና በእጀታው መካከል ክፍተት ካለ ውኃና ቆሻሻ ይገባበታል፤ ውሎ አድሮም ይነቃነቃል። በእርድ ጊዜ የሚነቃነቅ እጀታ የራሳችንንም እጅ ሊያስቆርጠን ይችላል።

አራተኛ፣ ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣች የድምፅ ማጉያ ማግኔት ኪሳችን ብንይዝ ትጠቅመናለች። ቢላው ብረት ሆኖ ማግኔት ካልሳበው፣ በእሳት የማይጠነክር ለድስትና ለማንኪያ የሚሆን ብረት ነውና ስለት አይዝም። ማግኔት ሳበው ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ መጥፎውን ይለይልናል እንጂ ምርጡን አይመርጥልንም።

አምስተኛ፣ በጌጥ አንታለል። የደማስቆ የሚባለው እውነተኛ ሞገድ ከብረቱ ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ በጀርባውም በጠርዙም ላይ ይቀጥላል። የእኛ ቢላ ሞገድ ግን ጀርባው ላይ ሲደርስ ያልቃል፤ ለካ ከላይ የተሣለ ሥዕል ኖሯል! ክብደትም እንደዚሁ ነው፤ ከባድ ቢላ ሁሉ ጠንካራ አይደለም።

ከገዛን በኋላ

ሐጂ ያንን ያሳፈረንን ቢላ አልጣሉትም። ድንጋያቸውን በውኃ አርሰው፣ ቢላውን ከድንጋዩ ጋር ጠባብ ማዕዘን አስይዘው፣ ሁለቱንም ጎን እኩል ሳሉት። ከዚያ ወረቀት በአየር ላይ ያለ ችግር ቆረጠ! ተገረምን። ባለቤታችን ለወጥ ሽንኩርት ከትፋበት ስትመለስ ግን ወረቀቱን ይቀደው ጀመር። ሐጂም፣ "አየህ ልጄ፣ ይህ ቢላ ውሸታም አይደለም፤ ውሸታሙ ዕድሜ ልክ ያለህ ሰው ነው። በየሳምንቱ ከሳልከው ለማድ ቤት ይበቃሃል። ለእርድ ግን አትመነው" አሉን።

ፍትሐዊ ፍርድ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት በተዛወረው አትክልት ተራ ጥቅል ጎመን ስትቆርጥ የምትውል አንዲት እናት አይተናል። ቢላዋ ተራ የውጭ ቢላ ነው፤ ከመሳል ብዛት ወርዱ ጠብቦ ቀርቷል። ዘወትር ጠዋት ድንጋይ ታስነካዋለች። ቢላው ርካሽ ነው፤ እንክብካቤው ግን ርካሽ አይደለም።

ድንጋይ የሌለው ቤት የሲኒን ቂጥ፣ ያልተቀባውን ሻካራ ክብ፣ ሊጠቀም ይችላል። ቢላን በትሪና በሳህን ላይ አንቁረጥበት፤ የእንጨት መክተፊያ ስለቱን ያቆይልናል። ሽንኩርትና ሎሚ ከቆረጥንበት በኋላ አጥበን እናድርቀው። በኤሌክትሪክ ሞረድ ከሚስሉ ሰዎች ዘንድ ስንሄድ ደግሞ እንጠንቀቅ፤ ጠርዙ በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ የብረቱ ጥንካሬ በዚያ ቦታ ጠፍቷል፤ ከዚያ በኋላ ቢሳልም አይቆይም።

ለሻጭም ለገዢም

ርካሽ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም። የእኛ ሰፈር አብዛኛው ቤተሰብ በርካሽ ዕቃ የሚኖር ነው። ነውሩ ያለውን ጉድለት መሸሸግ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰድደው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ እርጥቡ ሰው እንዲያየው ከላይ መደረግ እንደነበረበት ተናግረው፣ የሚያታልልን ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ወንድማችን ነጋዴ፣ "ይህ ለሽንኩርት ይሆናል፤ ለእርድ አይሆንም" ብትለን ገበያህ በረካ ያገኛል እንጂ አይጎድልም። የሸሪዓ ሊቃውንትም ገዢ ያልተነገረው ጉድለት ያለበትን ዕቃ የመመለስ መብት እንዳለው አስተምረዋል።

ገዢዎችም ኃላፊነት አለብን። ለበጉ ስንት ቀን ገበያ እንዞራለን! ጥርሱን እናያለን፣ ጀርባውን እንዳብሳለን፣ ዋጋ እንከራከራለን። ለቢላው ግን የዋዜማዋን አምስት ደቂቃ እንኳ እንነፍጋለን። ደግሞም አገር ውስጥ የሚቀጠቅጡልንን ባለሙያዎች እናክብር። በአገራችን ቀጥቃጭን የመናቅ ክፉ ልማድ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ለእኛ ለሙስሊሞች ግን ከዚያ የሚቀድም ማስረጃ አለን፤ አላህ (ሱ.ወ) ብረትን ያለሰለሰላቸው ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጥሩር ይሠሩ እንደነበር ቁርኣን ይነግረናል። የነቢይን ሙያ የሚንቅ ማን ነው?

በሚቀጥለው ዓመት ዐረፋ ዋዜማ ከመግሪብ በኋላ ልጆቹን ሰበሰብናቸው። ከባሌስትራ ያሠራነውን ካራ በድንጋይ ስለን፣ አንድ ወረቀት ይዘን፣ ያቺን ጠያቂ ልጅ ጠራናት። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘችልን፤ ካራውም ያለ ድምፅ አለፈበት። "አሁንስ?" አልናት። "አሁን ጥሩ ነው፤ ግን በጉ እንዳያየው ይሸፍኑት" አለችን። ሸፈንነው።

አላህ (ሱ.ወ) በትንሹም በትልቁም ሥራችን ኢሕሳንን ይወፍቀን፤ ኡድሒያችንንም ይቀበለን። አሚን።