ዳጉሳ ለጠላ ብቻ አይደለም

ከተሜው ዳጉሳን የሚያውቀው በአብዛኛው በጠላና በአረቄ ነው። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ትግራይና ወለጋ ውስጥ ግን ይህ ደቃቅ፣ ቀላ ያለ እህል ገንፎም ቂጣም ይሆናል፤ ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ጋር ተቀላቅሎም እንጀራ ይጋገርበታል። ጎተራ ከገባ ነቀዝ እምብዛም ስለማይደፍረው ዓመታት ይቆያል፤ ገበሬው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠውም ለዚህ ነው። ሞሰብ የሚሰፋበት አክርማ ሳይቀር የቅርብ ዘመዱ ነው።

ይህን ሁሉ ይዞ የድሃ እህል ተብሎ መናቁ ያሳዝናል።

በካልሲየም ዳጉሳን የሚስተካከል የብርዕ እህል ማግኘት ይከብዳል። በ100 ግራም ውስጥ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ይይዛል፤ በካልሲየሙ ከሚመሰገነው ጤፍ እንኳ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ግሉተን ስለሌለው ስንዴ ለማይስማማቸውም ይሆናል።

ይሁን እንጂ እህሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ለሰውነት አይደርስም። ፋይቴትና ታኒን የሚባሉ ውህዶች ካልሲየሙንና ብረቱን አስረው ይይዛሉ። እዚህ ላይ ነው የእናቶች ሙያ የሚታየው። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ፣ እህሉም ተነክሮ ሲበቅል ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ የታሰረው ማዕድንም ይፈታል።

ብቅሉ ሌላም ጥቅም አለው። እህሉ ሲበቅል የሚፈጠረው ኢንዛይም ስታርቹን ስለሚሰባብረው፣ ጥቂት የብቅል ዱቄት የተጨመረበት ወፍራም ገንፎ ይቀጥናል። ሕፃን ሆዱ ትንሽ ነው፤ በውኃ የቀጠነ አጥሚት ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አይገነባውም። በብቅል የቀጠነው ግን ብዙ ዱቄት እንደያዘ በቀላሉ ይዋጣል።

ዳጉሳ መጀመሪያ የተላመደው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አካባቢዎች፣ በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ግድም እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ወደ ሕንድ ተሻገረ። ዛሬ በሕንድ የካርናታካ ግዛት ሰዎች ራጊ ይሉታል፤ ዱቄቱን በፈላ ውኃ አገንፍተው፣ አድቦልቡለው በወጥ ይበሉታል። የግዛቲቱ ዋና ከተማ የባንጋሎር ሱቆችም በብስኩትና በሕፃናት ምግብ መልክ ይሸጡታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2023ን የማሽላና የዳጉሳ መሰል እህሎች ዓመት ብሎ የሰየመውም በሕንድ ሐሳብ አቅራቢነት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ብቅል ማብቀል የሚያውቅ የገጠር ቤት ብዙ ነው፤ ሙያው ግን በአመዛኙ ለመጠጥ ይውላል። ከዚያው ብቅል አንድ እፍኝ ለልጆች ገንፎ ቢተርፍ፣ የተማሪዎች ምገባም የዳጉሳ ገንፎን ከቁርስ ዝርዝሩ ቢያስገባ፣ ተጠቃሚው ሕፃኑም ገበሬውም ነው።